ስለ አንድ መልቲሜትርና ስለ ዝምታችን



በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርታችንና ስለ ኑሯችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ስሕተታችን የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እኛ በካይሮ በአንድ ክፍል የምንኖር ሁለት የሕክምና ተማሪዎች የፈጸምነውን ጥፋት ለማቅረብ የተነሣነው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ነገሩ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችል ስለነበረ ነው።

በፈተናው ሰሞን፣ ሌሊት ጎረቤት ሳንረብሽ የምናነብባት በባትሪ የምትሠራ መብራት ደከመችብን። ምክንያቱን ለማወቅ ከአንድ የምህንድስና ተማሪ ወንድማችን ዲጂታል መልቲሜትር ተዋስን። መብራቷ ምን ያህል ከረንት እንደምትስብ ለመለካት ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ከሚለው ቀዳዳ ሰካን። ልኬቱ በደኅና ተፈጸመ። ቀጥሎም የግድግዳው ሶኬት ስንት ቮልት እንዳለው ለማየት ፈለግንና ማዞሪያውን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረን ሁለቱን ጫፎች ሶኬቱ ውስጥ አስገባን። ቀዩን ገመድ ግን ከ10 አምፔሩ ቀዳዳ አላነሣነውም ነበር። ብልጭታና ጩኸት ሆነ፤ ብሬከሩ ወረደ፤ ፎቁ በሙሉ ጨለመ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቮልት በሚለካበት ቀዳዳ በኩል የመሣሪያው ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ የሚያልፈው ከረንት ከቁጥር አይገባም። የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ግን በፊውዝና በአንድ አጭር ወፍራም ሽቦ ብቻ ከጥቁሩ ገመድ ቀዳዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ ማዞሪያው የትም ቢዞር ይህ ግንኙነት አይለወጥም። ስለዚህ ያደረግነው ነገር የ220 ቮልት ሶኬትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ከማገናኘት አይለይም።

ብሬከሩ ተመለሰ። የመልቲሜትሩም መስኮት ቁጥር ያሳይ ስለነበረ «ምንም አልሆነም» አልን። በገመዱ ጫፍ ላይ የቀረውን ጥቀርሻ ጠርገን፣ ቀዩንም ገመድ እንደተሰካ ትተን መሣሪያውን ለባለቤቱ መለስን። አመሰገንነው፤ ሌላ ቃል ግን አልተነፈስንም። አፍረን ነበር፤ «ክፈሉ» የምንባል መስሎንም ፈርተን ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ይኸው ወንድማችን የጋራ ማእድ ቤታችንን የኤሌክትሪክ ምድጃ ለመጠገን ተነሣ። የምድጃው ነው ያለውን ብሬከር አወረደና ሽቦዎቹን ለካ። መሣሪያው ዜሮ አለ። እኛ ብንሆን በዚያች ደቂቃ እጃችንን እንሰድ ነበር። እርሱ ግን ልማድ አለውና አስቀድሞ ውኃ በማፍላት ላይ ወደነበረው ማንቆርቆሪያ ሶኬት ሄዶ ለካ። እዚያም ዜሮ! ውኃው እየፈላ መሣሪያው ኤሌክትሪክ የለም ይላል። ቆም ብሎ ቢመለከት ቀዩ ገመድ በ10 አምፔሩ ቀዳዳ ነው። ወደ ቮልቱ ቀዳዳ አዛውሮ ሲለካ ሶኬቱም 220፣ የምድጃውም ሽቦ 220 ሆነ። ያወረደው ብሬከር የምድጃው አልነበረም።

መሣሪያውን ይዞ ወደ ክፍላችን መጣ። ያን ጊዜ ሁሉን ነገርነው። ብዙም አልተቆጣ። «ፊውዝ ይገዛል፤ ብትነግሩኝ ኖሮ ግን ከመንካቴ በፊት አየው ነበር» አለን፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ ከበደን።

ጥገናውን አብረን ሠራን። ገመዶቹን ነቅለን የጀርባውን ክዳን ከፈትን። የ10 አምፔሩን ፊውዝ አውጥተን፣ ክዳኑን መልሰን፣ በዚያው መሣሪያ በኦም ለካነው። ደኅና ፊውዝ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ማሳየት ሲገባው የእኛ የተቆረጠ ሆኖ ተገኘ። ዜሮ ያታለለውም በዚህ ነው፤ ፊውዙ ከተቃጠለ በኋላ በዚያ ቀዳዳ የሚገባ ነገር ወደ ውስጥ አይደርስም፤ ብልጭታም አይታይም። ወፍራሙ ሽቦና ሌላው ክፍል አልጠቆረም ነበር። ወደ ባብ ኤል ሉቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ወርደን ስንጠይቅ መጀመሪያ የቀረበልን የመስታወት ፊውዝ ነበር። ወንድማችን አልተቀበለም። በመሣሪያው ላይ የተጻፈው አምፔርም ቮልትም የታተመበትን፣ ውስጡ አሸዋ የተሞላ የሴራሚክ ፊውዝ መረጠ፤ ተራ የመስታወት ፊውዝ በኃይለኛ ከረንት ሊፈነዳ ይችላልና። በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ መተካት ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነው።

ፊውዙ የተሠራው ለመሣሪያው እንጂ ለሰው እንዳልሆነም መገንዘብ ይገባል። ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ ለመጠበቅ የሚገጠመው ብሬከር በ30 ሚሊአምፔር የከረንት መፍሰስ እንዲቆርጥ ይደረጋል፤ 10 አምፔር ከዚህ ከ300 እጥፍ በላይ ነው።

በሆስፒታል የልብ መከታተያው ቀጥ ያለ መስመር ቢያሳይ አስቀድመን ሕመምተኛውን እንድንዳስስ እንማራለን፤ ገመዱ ወልቆ ሊሆን ይችላልና። ይህን በደብተራችን ጽፈን በእጃችን ግን አልፈጸምነውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውንም ተረት ለሕመምተኞች ስንጠቅስ ለራሳችን አላሰብነውም።

ስለዚህ ወገኖቻችን፤ ከመለካታችሁ በፊት ማዞሪያውን ብቻ ሳይሆን ቀዳዳውንም እዩ። መሣሪያው «የለም» ሲላችሁ፣ ኤሌክትሪክ እንዳለው በተረጋገጠ ሶኬት ላይ ፈትኑት፤ ከዚያ ሽቦውን ለኩ፤ መልሳችሁም መሣሪያውን ፈትኑ። የተዋሳችሁትን ዕቃ ስትመልሱ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አብራችሁ ንገሩ። የእኛ ዝምታ ያልገደለው በወንድማችን ጥንቃቄ ነው።