ቢጫውን መስመር ማን ያከብረዋል?

ካይዘን የሚለውን ቃል ያልሰማ የአዲስ አበባ ወጣት ይኖራል ብዬ አላስብም። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያለፈማ ‹‹አምስቱ ማዎች››ን ሳይሸመድድ አይወጣም፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት... እያለ ይቀጥላል። ነገሩ ወደ አገራችን የገባው በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ 30 በሚሆኑ ኩባንያዎች ላይ በተጀመረ ሙከራ ነው። ወለል ላይ በቀለም መስመር ማስመርም የ‹‹ማስቀመጥ›› አካል ነው፤ ዕቃውም ሰውም ቦታ ቦታውን እንዲይዝ።

የቀለሙ ቋንቋ ቀላል ነው። ቢጫ መስመር መተላለፊያውን ከሥራ ቦታው ይለያል። ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ከሆነ ‹‹ተጠንቀቅ›› ማለት ነው። ቀይ ደግሞ እሳት ማጥፊያው ያለበትን ያሳያል፤ ፊት ለፊቱ ዕቃ አይቆምም። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይረዳዋል። የማሽን ጩኸት ‹‹ዞር በል!›› የሚለውን ድምፅ በሚውጥበት ቦታ ወለሉ ራሱ ይናገራል። ወጪውም ጥቂት ጋሎን ቀለም ነው።

እኔ የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ከጎፋ እስከ ላፍቶ ጋራዡ፣ ብረታ ብረት ቤቱ፣ እንጨት ሥራው ብዙ ነው። አንድ የሰፈሬ ልጅ የሚሠራበት ብረታ ብረት ቤት (ስሙ ይቆየን) ወለሉ በቢጫ ተሰምሯል። መስመሩ ላይ ግን ላሜራና ቱቦላሬ ተደርድሮበታል። ልጁ ጋሪ እየገፋ ለማለፍ መቁረጫ ማሽኑን ታክኮ ይዞራል። ‹‹ለምን አትነግራቸውም?›› ስለው ሳቀብኝ።

‹‹ያስደረደረው እኮ አለቃው ራሱ ነው!››

ቦታው ጠባብ ነው፣ ኪራዩ ውድ ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን ቦታ ሲጠብ መስመሩ የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም። እንዲያውም ዕቃ የተከመረበት መስመር ጭራሽ ካልተሰመረ ወለል ሊብስ ይችላል። ሠራተኛው ምልክት ሁሉ ለጎብኚ የተሠራ ጌጥ እንደሆነ ይለምዳል፤ ዜብራ ላይ መኪና እንደማይቆምለት ያወቀ እግረኛ ዜብራውን ትቶ እንደሚሻገረው። ነገ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ላይ ያለውን ምልክትስ ለምን ይመን?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛውም አደጋ ያመጣል ብሎ የሚያምነውን፣ በራሱ ሊያስወግደው የማይችለውን ነገር ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። ልብ በሉ፣ ይህም ግዴታ ነው። ስለዚህ ‹‹አለቃ፣ ብረቱ መስመሩ ላይ ነው፤ ይነሳ›› ማለት ጥጋብ አይደለም፤ የሥራው አንድ ክፍል ነው።

አንድ የሥራ ቦታ ለሠራተኛው ያስብ እንደሆነ ለማወቅ የቀለሙን ድምቀት ማየት አይበቃኝም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህን የተናገረ ልጅ በማግስቱ ሥራው ላይ አለ ወይ?