ቦሌ ላይ የሚቀር ቀለብ

ዛሬ ስለ ቀለብ እናውጋ። የወታደር ቀለብ አይደለም፤ አባት (አንዳንዴም እናት) ለልጁ በየወሩ እንዲከፍል ፍርድ ቤት የሚወስንበትን ገንዘብ ማለታችን ነው።

አባትየው አዲስ አበባ ካለ መንገዱ ይታወቃል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ችሎቱ ይወስናል፣ እናት የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታለች፣ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ከደመወዙ ይቆረጣል። ሜሪላንድ ከሆነስ? ያው ማኅተም ያረፈበት ውሳኔ ቦሌ ላይ ይቀራል። የሲልቨር ስፕሪንግ አሠሪ የአዲስ አበባን ችሎት የመታዘዝ ግዴታ የለበትማ!

የልጅ ቀለብን ድንበር አሻግሮ ለማስከፈል እ.ኤ.አ. በ2007 ሄግ ላይ ስምምነት ተደርጓል። አሜሪካ ከ2017 ጀምሮ አለችበት፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። በአባል አገር ያለች እናት አገሯ ውስጥ ለዚሁ ለተመደበው መሥሪያ ቤት ታመለክታለች፤ እሱ ከወዲያኛው አቻው ጋር ተጻጽፎ አባትየውን ያፈላልግላታል። የእኛዋ እናት የምታፈላልገው በፌስቡክ ነው።

መቼም ዳያስፖራው ዶላር እንዲልክ ያልተለመነበት ጊዜ የለም። ለገዛ ልጁ የተፈረደበትን ዶላር ለማስላክ ግን የሚፈርም ጠፋ።

ታዲያ ጭራሽ ተስፋ የለም ማለት አይደለም። የአሜሪካ ዳኛ የእኛን ውሳኔ በመልካም ፈቃዱ ሊቀበለው ይችላል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን «ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶታል ወይ?» ብሎ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። አድራሻው ስላልታወቀ በጋዜጣ ተጠርቶ፣ በሌለበት የተወሰነበት ሰው ሜሪላንድ ተቀምጦ የአማርኛ ጋዜጣ አነበበ ብሎ ማን ያምናል? ስለዚህ አድራሻው ከታወቀ መጥሪያው እዚያው በእጁ ይድረሰው፤ ቢዘገይም ይሻላል።

ሌላው መንገድ እሱ በሚኖርበት ግዛት አዲስ ክስ መክፈት ነው። የግዛቶቹ ሕግ ውጭ አገር ያለች እናት በቀጥታ እንድታመለክት ይፈቅዳል። ቀለቡም የሚሰላው በዚያው ግዛት ቀመር፣ በሚያገኘው ገቢ ነው። እዚህ ሦስት ሺህ ብር ለማግኘት ዓመት ከመመላለስ (ጠበቃ ከተገኘ!) ይኼኛውን ማሰብ ሳይሻል አይቀርም።

በነገራችን ላይ ችግሩ ወደዚህም ይመጣል። እዚያ ተፈርዶበት ተመልሶ እዚህ ቤት የሚሠራ አባት አለ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 458 የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም፣ ያ አገር የእኛንም ፍርድ የሚፈጽም መሆን አለበት ይላል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ልጅ ያድጋል።

ደግሞ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ አባት፣ ጉዳዩ በግዛቱ የልጅ ቀለብ አስከፋይ ጽሕፈት ቤት ተይዞ ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ፓስፖርት ይከለከላል። ለጥምቀት መምጣት ያማረው ዕለት መጀመሪያ የልጁን ይከፍላል ማለት ነው።