እማዬ የሌለችበት ቀጠሮ

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ስልኬን መሪው ላይ አስደግፌ የቪዲዮ ቀጠሮዬን ስጠብቅ መጀመሪያ የሰማሁት የሐኪሟን ድምፅ አልነበረም። «ጤና ይስጥልኝ፤ አስተርጓሚዎ ነኝ» አለኝ አንድ ሰው። ዕድሜው የገፋ፣ ረጋ ያለ፣ አነጋገሩ ቁርጥ የእኛን አገር ሰው። ዓይኔን ብጨፍን አጎቴ ነው።

ሐኪሟ ጠየቀች፤ እሱ ተቀበላትና «ከሀፍረተ ሥጋዎ የሚወጣው ፈሳሽ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ቆይቼ «እዛ ጋ ትንሽ ያሳክከኛል» አልኩ። ሐኪሟ «የት ጋ?» ብላ መለሰችልኝ። እንግሊዝኛ አቅቶኝ አይደለም አስተርጓሚ የጠየቅሁት፤ ስለ ገላዬ በአፍ መፍቻዬ ብናገር ሳይዛነፍ ይወጣልኛል ብዬ ነበር። በመጨረሻ አማርኛውን ትቼ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። በእንግሊዝኛ ሲሆን ቃሉ አላሳፈረኝም። ይሄ ነው ወደ ቤቴ ስነዳ ያስለቀሰኝ።

ሰውየው ምንም አላጠፋም። የተናገረው ሰው ፊት የሚባለውን ጨዋ ቃል ነው። ግን ቃሉ ራሱ ከሀፍረት ይጀምራል። «ብልት» ስንል የመማሪያ መጽሐፍ ይሆንብናል፤ «ማህፀን» ሌላ ቦታ ነው፤ የቀረው ስድብ ነው። ስለዚህ «እዛ ጋ» እና «እታች» እያልን አደግን። ሴት ለሴት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩት ይበቃል። በስልክ አይበቃም።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ቅጽ ተልኮልኝ ነበር። መቼ ጀመረሽ? ያሳክካል ወይስ ያቃጥላል? ፈሳሹ ወፍራም ነው ቀጭን? ይሸታል? የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር? እርጉዝ ነሽ? ስኳር አለብሽ? በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደሻል? ከማን ጋር ትተኛለሽ? ሰው የማይሰማሽ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ሁኚ። አንድም ሰው «እንዴት ነሽ?» ሳይለኝ ይሄን ሁሉ ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ በአውራ ጣቴ ሞላሁት። ደረቅ ነው። ሳልዋሽ የምናገረው፣ በጣም ደረቅ ነው።

ደብረ ታቦር እያለሁ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ለቶንሲል አሞክሳሲሊን ውጬ ሳበቃ ይኸው ሕመም ጀመረኝ። ምክንያቱን የተረዳሁት አድጌ ነው፤ መድኃኒቱ የጉሮሮውን ተህዋስ ሲገድል ፈንገሱን አፍነው የሚይዙትን ደጋጎቹን ባክቴሪያዎችም አብሮ ይጠርጋል። እማዬ ግን «ብርድ ነው፤ ድንጋይ ላይ እየተቀመጥሽ» አለችኝ። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ በሚገርፈው ከተማ፣ ብርድ የማይከሰስበት በሽታ የለም። ሦስት ቀን ጠበቀች። በአራተኛው ነጠላዋን ለበሰችና «ተነሽ» አለችኝ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንዶች ቆመው ነበር። እማዬ የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀች። ዋጋውን ጠየቀች። ስለ ሌላ መድኃኒትም ጠየቀች፤ ሰዎቹ እስኪወጡ ድረስ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብላ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «የኔ ልጅ፣ ይቺን ልጅ እስቲ እያት» አለቻት። ባለሙያዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ወሰደችኝ። «እንደ አይብ ነው? ይሸታል?» ሁለት ጥያቄ ብቻ። እንደ አይብ ነው፣ አይሸትም አልኳት። ማታ ስተኛ እንዴት እንደማስገባው በጣቷ አሳየችኝ፤ ክሎትሪማዞሉን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እማዬ ተቀብላ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ያቺን ቋጠሮ እስከ ዛሬ አያታለሁ፤ ትንሽ፣ ጠበቅ ያለች፣ በእጇ ጨብጣት እስከ ቤት የሄደችው። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ለካ ለቀጠሮ መዘጋጀት ማለት ያኔ እማዬ ነበረች። ቅጹን የሞላችልኝ እሷ ናት፤ ሰው የማይሰማበትን ቦታ ያዘጋጀችልኝ እሷ ናት።

በሦስተኛው ቀን ዳንኩ። ችግሩ፣ ያ መዳን ዋሽንግተን ዲሲ ድረስ ተከተለኝ። እዚህ በተሰማኝ ቁጥር ለእህቴ እደውላለሁ፤ ሰው ሲመጣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ያንኑ ክኒን ትልክልኛለች። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተጠቀምኩ። ሁለቱንም ጊዜ ትንሽ ቀለል አለኝና ተመለሰብኝ።

ሐኪሟ ይሄን ስነግራት ፊቷ አልተለወጠም። «ባላየሁት ነገር እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ናሙና ስጪኝ» አለች። በማግስቱ ላቦራቶሪ ሄጄ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ጥጥ በተጠመጠመበት እንጨት ራሴ ወሰድኩ። ውጤቱ ሲመጣ ፈንገስ አይደለም። ባክቴሪያ ነው፤ ፈሳሹን ቀጭንና ግራጫ የሚያደርገው፣ የዓሣ ሽታ የሚያመጣው። ያዘዘችልኝ አገር ቤት ለአሜባ የምንውጠውን ሜትሮኒዳዞልን ነው፤ 500 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት «ፈንገስ ነው» ብለው ራሳቸው መድኃኒት የገዙ 95 ሴቶችን ሲያስመረምር፣ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ከሦስት አንዷ ያህል ነበሩ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ያኔ ትክክል ነበረች። እኔ ግን የእሷን መልስ ይዤ ጥያቄዎቿን ረሳሁ።

ይሄን ስጽፍ አገሬን ያማሁ መሰለኝና ቆም አልኩ። እዛም ቢሆን ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት በግምት አትሸኝም፤ ላቦራቶሪ በሌለበት ምልክትን አይቶ የሚያክም መመሪያ አለ፤ ማሳከክና እንደ አይብ ያለ ፈሳሽ ሲኖር ክሎትሪማዞል ይጨመራል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጤና ኤክስቴንሽኖች በየቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራሉ። አክስቴ የምትኖርበት ላይ ጋይንት ድረስ የሚመጡት ልጆች ቅጽ አያስሞሉም፤ ቡና ጠጥተው ነው የሚጠይቁት። ከዚህ የበለጠ ምን አለ? እል ነበር። አክስቴን ስጠይቃት ግን «ለልጅቷማ እንዴት እነግራታለሁ፣ እናቷን በየገበያው አገኛታለሁ» አለችኝ። የማያውቃት ሐኪም በስልክ ብታገኝ ትነግረው ይሆናል። 8896 ሄሎ ዶክተር የመሰለ አገልግሎት በአገራችንም አለ። ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ለእሷ ስለ ቪዲዮ ሐኪም ማውራት ከበደኝ።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ያንን ደረቅ ቅጽ ሙሉት። እንዲያውም መጀመሪያ በአማርኛ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ መቼ እንደጀመረ፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደመጣና ምን እንደተጠቀማችሁ። ከአገር ቤት የተላከውን ክኒን ስሙን ጨምራችሁ፤ ወይባ ሞቃችሁም ከሆነ ተናገሩ፣ አትፈሩ። ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት ክሬምና ክኒን አታስገቡ፤ ውስጡን በሳሙናም ሆነ በሌላ ነገር አትጠቡ። እርጉዝ ከሆናችሁ ፈንገስ መስሏችሁ ፍሉኮናዞል ከሰው ተቀብላችሁ እንዳትውጡ። ትኩሳት ወይም እምብርት በታች ሕመም ካለ ቪዲዮውን ተዉት፤ በአካል ሂዱ። ቀጠሮ ስትይዙም «አስተርጓሚዋ ሴት ትሁንልኝ» በሉ። እኔ መጠየቅ እንደሚቻል አላሰብኩም ነበር። ዲሲ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ቋንቋችን መብት ሆኖ ተጽፎልን በሀፍረት ዝም ማለት የለብንም።

ወደ ሐኪሟም ልመለስ። መጨረሻ ላይ «ሌላ የምትጠይቂው አለ?» አለችኝ፤ እኔም ለባለቤቴ እንኳ ያላነሳሁትን ጠየቅኳት። አልቸኮለችም። ምናልባት ስለማታውቀኝ ነው የጠየቅኳት። ምናልባት ነገ በየገበያው እናቴን ስለማታገኛት።

እሑድ ለእማዬ ደወልኩ። ስነግራት «ብርድ ነው» ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አለችም። ትንሽ ዝም ብላ ግን «ያሳክክሻል ወይስ ይሸታል?» አለችኝ። ከዚያ ድንገት «እኔም እኮ ካሳከከኝ ቆየ። እየተወኝ ይመለሳል።»

«ከመቼ ጀምሮ እማዬ?»

«ከዓምና ጾም ጀምሮ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ?»

ሌሊት ለሽንት ትነሺያለሽ? አልኳት። ሦስት አራቴ። ውሃ ይጠማሻል? በጣም። ቅጹ ላይ ስኳር አለብሽ ወይ የሚለው ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ እየተመላለሰ የሚያስቸግር ፈንገስ አንዳንዴ የስኳር ምልክት ነው። ሰኞ ጠዋት ከእህቴ ጋር ሆስፒታል ሄደው ስኳሯን እንዲለኩላት ተስማማን። ከዚያ በፊት ግን ለሐኪሙ የምትለውን እንድናዘጋጅ ወረቀቴን አወጣሁ። «የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ፈሳሹ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ፤ «በሩን ልዝጋው።»