ያልሰየምናት ዋኔ

ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት አንድ ሐዲስ በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሶሐቦች ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ እርሳቸው ለጉዳያቸው ዘወር ሲሉ አንዲት ትንሽ ወፍ ከሁለት ጫጩቶቿ ጋር አገኙ። ጫጩቶቹንም ወሰዱባት። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች ከአጠገባቸው አልርቅ አለች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተመልሰው ይህን ባዩ ጊዜ ወፊቱን በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጆቿንም እንዲመልሱላት አዘዙ። ይህን ታሪክ በመድረሳ ያልሰማ ልጅ ጥቂት ነው። እኛም ስንሰማው ኖረናል። ጫጩቱ የሚመለስላት እናት የሌለች እንደሆነስ? ይህ ጥያቄ በ2014 ዓ.ም. ረመዷን እቤታችን ድረስ መጣብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ረመዷን ከበልግ ዝናብ ጋር ገጥሞ ነበር። ወሩ በተጋመሰበት ሳምንት አንድ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና ኮልፌ በሚገኘው ግቢያችን ካለው አሮጌ ጽድ አንዱን ቅርንጫፍ ገነጠለው። ለሱሑር ተቀምጠን ሳለን ድምፁን ሰምተናል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስንወጣ ከቅርንጫፉ ሥር አንዲት ዋኔ ሞታ፣ አጠገቧም ሁለት ጫጩቶች ወድቀው አገኘን። አንዷ ሞታለች። ሌላዋ በጭቃ ተለውሳ ትንቀጠቀጣለች።

ዋኔ ስንል በየጓሮው የምናያትን፣ አንገቷ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት ያለባትን፣ ከጉሮሮዋ የምታጉረመርመውን ግራጫ ወፍ ማለታችን ነው። ጎጆዋ ጎጆ ለመባል እንኳ አይበቃም፤ ከሥር ሆነው ሲያዩት ሰማይ የሚታይበት የጭራሮ ድርድር ነው። በዚያ ሁሉ ዝናብ በዚህ ላይ መተኛቷን ተወኩል ካላሉት ሌላ ምን ሊሉት ይቻላል?

አያታቸው ጫጩቷን አንስተን ስናይ ደነገጡ። «ሰው የነካውን ጫጩት እናቱም አባቱም አይቀበሉትም ይባላል» አሉ። ይህን ብዙ ሰው ያምናል። የእንስሳት ሐኪም ለሆነው ለልጆቹ አጎት ስልክ ስንደውል ግን ሌላ ነገር ነገረን። ወፎች በጥቅሉ የሰው እጅ ሸተተ ብለው ልጃቸውን አይጥሉም። ሰዎች «የሙት ልጅ» እያሉ ከሚያነሷቸው ጫጩቶች ውስጥ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ፣ መብረር ሲለማመዱ መሬት የወረዱ ናቸው። ለዋኔ ደግሞ እናት ብትሞት አባት አለ፤ ሁለቱም ይታቀፋሉ፣ ሁለቱም ያበላሉ። ስለዚህ በቅርጫት አድርጋችሁ ዛፉ ላይ እሰሩና ራቅ ብላችሁ ጠብቁ አለን።

አሰርን፤ ጠበቅን። ልጆቹ በመስኮት መጋረጃ ሥር ተደራርበው እስከ ዙህር ተቀመጡ። ከዚያ ታላቋ ልጃችን ከአጥሩ ጥግ የተበተነ ላባ አገኘች፤ የሰፈሩ ድመት እኛን ቀድሞን ኖሯል። ያም ሆኖ እስከ ዐስር ታገስን። ወደ ቅርጫቷ የመጣ ወፍ አልነበረም።

የዐረብኛ ቋንቋ ሊቃውንት የቲም የሚለው ቃል ከሰው አባቱን ላጣ፣ ከእንስሳ ግን እናቱን ላጣ እንደሚባል ይናገራሉ። የእኛዋ በሁለቱም መንገድ የቲም ሆነች።

አጎታቸው መጀመሪያ ያዘዘን ሙቀት ነው። የበረዳት ጫጩት ምግብ አይፈጭላትም፤ ሳትሞቅ ማብላት መግደል ነው። በካርቶን ውስጥ ጨርቅ አነጠፍን፤ ሙቅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስም በፎጣ ጠቅልለን አጠገቧ አደረግን። ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጧን ተወች።

ቀጥሎ ምግቧ ነው። ርግብና ዋኔ ከአብዛኞቹ ወፎች የሚለዩበት ድንቅ ነገር አላቸው። እናትም አባትም ከጉሮሯቸው ሥር ባለው የእህል ከረጢት ውስጥ አይብ የመሰለ፣ ስብና ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ያበጃሉ። ጫጩት የመጀመሪያዎቹን ቀናት የምትኖረው በዚህ ነው። አባት ያጠባል ብንል ብዙም አላጋነንንም! ይህንን ምግብ ሰው በጓዳው ሊሠራው አይችልም። ደግነቱ የእኛዋ ላባዋ እንደ እሾህ ማቆጥቆጥ ስለጀመረ ያንን ዕድሜ እንዳለፈች አጎታቸው ገመተ፤ የዶሮ ጫጩት መኖ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፈን እንደ አጥሚት ቀጠን አድርገን እንድንሰጣት ነገረን።

አሰጣጡም ለብቻው ትምህርት ነው። የሌላ ወፍ ጫጩት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የዋኔ ጫጩት ግን አፏን አትከፍትም፤ ራሷ ምንቃሯን በወላጇ አፍ ውስጥ ከትታ ትመገጥማለች እንጂ። ስለዚህ የስሪንጅ ጫፍ ተቆርጦ፣ አፉ ላይ የላስቲክ ጓንት ቁራጭ ተወጥሮ፣ መሐሉ በምላጭ ተሰነጠቀ። ጫጩቷ ምንቃሯን በስንጥቁ አስገብታ ስትመገምግ ያየ ሰው ሱብሓነላህ ከማለት አያልፍም። ካበላናት በኋላ ደረቷ ላይ ያለው ከረጢት እንደ ትንሽ ፊኛ ይነፋል፤ እሱ ሳይጎድል ደግሞ ማብላት አይፈቀድም። ውሃ በጠብታ አፏ ውስጥ ማንጠባጠብም እንዲሁ፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ጎረቤቶቻችን በደግነት «እንጀራ በወተት አርጉላት» ይሉን ነበር። ወፍ ግን የላም ወተት አይስማማትም።

ከንጋት እስከ መግሪብ በየሦስትና አራት ሰዓቱ እንዲህ አበላናት። እኛ ስንጾም እሷ ትበላለች፤ እኛ ስናፈጥር እሷ ትተኛለች። አያታቸው ይህን እያዩ ይስቁ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ድካም ነው እንጂ ከባድ አልነበረም። ከባዱ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ልጆቹ ስም ሊያወጡላት በተቀመጡ ጊዜ ነው። አጎታቸው ሊጠይቀን መጥቶ ነበርና «ስም አታውጡላት» አለ። «አታናግሯትም። እንድትወዳችሁ አታድርጉ።»

ታናሹ ልጃችን «ለምን?» አለው።

«ከወደደቻችሁ ሰውን ሁሉ ትወዳለች። መጀመሪያ የምታገኘው ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይጨርሳታላ።»

ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከእንቁላል እንደወጡ መጀመሪያ እሱን ያዩ የዝይ ጫጩቶች እሱን እንደ እናታቸው ቆጥረው ይከተሉት እንደነበር ገልጿል። በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። ይህ መለማመድ ለዓይን ደስ ቢልም ዱር ለምትገባ ወፍ አደጋ ነው። ካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ግዙፍ ጥንብ አንሣ በ1987 የመጨረሻው ከዱር ሲያዝ በጠቅላላ የቀሩት 27 ብቻ ነበሩ። ጫጩቶቻቸውን ያሳደጉ ሰዎች የትልቅ ኮንዶር ራስ የሚመስል አሻንጉሊት እጃቸው ላይ እያጠለቁ፣ ራሳቸውን ደብቀው ያበሏቸው ነበር። ከ1992 ጀምሮ ወደ ዱር መመለስ የተጀመሩት እንዲህ አድገው ነው።

እኛ አሻንጉሊት አልነበረንም። በካርቶኑ ፊት የአያታቸውን አሮጌ ነጠላ ጋረድን፤ በቀዳዳው እጅ ብቻ እንዲገባ አደረግን። አብዢዋ አንዲት ብቻ እንድትሆን ተወሰነና ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ታላቋ ልጃችን ደረሳት። በዚያ ክፍል በኩል ቤተሰቡ ሁሉ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። በዒድ ዕለት እንግዶች «ወፏን አሳዩን» ሲሉ በሩ አልተከፈተም።

ታናሹ ግን እጁን አልሰጠም። ከመድረሳ ሲመለስ ማስረጃ ይዞ መጣ። «አባ፣ አቡ ዑመይር ወፍ ነበረው!» አለ። እውነቱን ነው። የአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ በሞተችበትም ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልጁ ደረጃ ወርደው ስለ ወፏ ጠይቀውታል። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ የተረጋገጠ ነው። ኢብኑል ቃስ የተባሉት የሻፊዒይ ሊቅ ከዚህ አንድ ሐዲስ ስድሳ ያህል ቁም ነገሮችን አውጥተው ለብቻው ጽፈውበታል። ብዙ ዑለማእም ሳይሠቃይ እስከሆነ ድረስ ልጅ ወፍ ቢይዝ እንደሚፈቀድ ከዚሁ ተረድተዋል።

ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለምና ልጁን «አትችልም» አላልነውም። የተናገርነው ስለዚች አንዲት ዋኔ ነው። አቡ ዑመይር ወፉን ስለወደዳት አልተወቀሰም፤ አንተም አትወቀስም። ግን ይቺ ወፍ ጓደኞቿ ጽዱ ላይ ሲጮሁ ራሷን ቀና አድርጋ ታዳምጣለች፤ አይተሃታል አልነው። አይቷታል። ቢሆንም ለሁለት ቀን አኮረፈን።

ታላቋ አላኮረፈችም፤ ዝም አለች እንጂ። አንድ ማታ እናቷን «ኡሚ፣ በቀን አምስቴ አበላታለሁ፤ እኔ መሆኔን ግን መቼም አታውቅም አይደል?» አለቻት። አታውቅም አልናት። ሌላ የምንላት ነገር አልነበረንም። በማግሥቱ እንደ ወትሮዋ በሰዓቷ ተነስታ መኖውን አሞቀች።

ከዒድ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ላባዋ ሞላ። ማሽላ፣ ዳጉሳና የተከካ ስንዴ ከጥቂት ደቃቅ አሸዋ ጋር በተንላት፤ ለብዙ ቀን ከእህሉ ይልቅ የካርቶኑን ጽሑፍ ስትጠቀጥቅ ከረመች በኋላ አንድ ጠዋት የእህሉ ሳህን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ውሃም በራሷ መጠጣት ጀመረች። ዋኔ እንደ ዶሮ ራሷን ወደ ሰማይ አታቀናም፤ ምንቃሯን ነክራ እንደ ሰው ትመጣለች።

ለሁልጊዜ ማኖሪያ ይሆናችኋል ብሎ አንድ ጎረቤት ያመጣልን የሽቦ ቤት ነበር። እሱን ጽዱ ሥር፣ ድመት በማይደርስበት ከፍታ ሰቅለን ዋኔዋን አስገባናት። ግማሹን ለዝናቡ በላስቲክ ሸፈንነው። የሚፈሰውን እህል ሊለቅሙ የዱር ዋኔዎች መምጣት ያዙ። በአራተኛው ቀን ልጃችን ውሃ ልትቀይር ስትጠጋ ወፏ ደንግጣ ከሽቦው ጋር ተላተመች። ልጅቷ እጇን ይዛ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አጎታቸው ይህን በስልክ ሲሰማ «በቃ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደርሳለች» አለ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ አንድ ጠዋት በሩን ከፍተን ገባን። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልወጣችም። ከዚያ ደፉ ላይ ቆመች፤ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ፣ ከጣሪያው ወደ ጽዱ በረረች። በሩን አልዘጋነውም፤ እህሉም አልተነሣም። ለዘጠኝ ቀን ያህል ጠዋት ጠዋት እየመጣች ስትበላ አየናት፤ ያወቅናት ግራ ክንፏ ላይ አንድ ላባ ተጣሞ ስለበቀለ ነው። ከዚያ ክረምቱ ቀረበ፤ ላባውም ሳይለወጥ አልቀረም።

አያታቸው ስንዴ ሲለቅሙ ግርዱን ከደጃፍ መበተን ልማዳቸው ነው። በሰኔ አንድ ቀን ሦስት ዋኔዎች ወርደው ሲለቅሙ ታላቋ ልጃችን በመስኮት ቆማ ብዙ አየቻቸው። «የትኛዋ ናት?» አላት ታናሹ። «እንጃ» አለችና በሩን በቀስታ ከፈተች። ገና አንድ እግሯን ስታወጣ ሦስቱም ብር ብለው ተነሡ።