የአሮጌ አልጋ ፍሬሞች

እስኪ ቀና በሉና የሳሎናችሁን ግድግዳ እዩት። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ተመሳሳይ ነው፤ ሰፊ ቴሌቪዥን፣ ሰዓት፣ ቢበዛ በወርቅማ ፕላስቲክ የተከበበ የምርቃት ፎቶ። የአያቶቻችን ፎቶ ያለው ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። አያቴ ካረፉ በኋላ ለእናቴ የደረሳት ቆርቆሮ ሲከፈት 11 ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ወጡ፤ አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ተበልቷል፣ አንዱ ከነመስታወቱ ነው።

ፍሬም ላሠራላቸው ብዬ የሄድኩት የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጺ ነበሩ። ጉለሌ ያለው ቤታቸው ጓሮ በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ሥራ ቤት አለቻቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱና፣ «እኔ አልሠራልሽም። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ እቀመጣለሁ» አሉኝ።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ቀኔ የሚያልፈው በዘመቻ ዕቅድ፣ በስብሰባና በሪፖርት ነው፤ በወሩ መጨረሻ ምን ሠራሽ ብትሉኝ የማሳያችሁ ስላይድ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት መላጊያ መጨበጥ ደስ አለኝ። በቤተሰባችን ግን የተለመደ አይደለም። ጋሼ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚሁ መላጊያ ቢሆንም፣ አንዳቸውም እንዲነኩት አልፈለጉም። «ተማሩ፣ እጃችሁን አታቁስሉ» ነበር ቃላቸው። በእጁ የሚሠራን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት አገራችን ውስጥ የቆየ ነገር ነው፤ አፄ ምኒልክ እንኳ ባለሙያን በሥራው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ስድቡ ቢቀርም ቢሮ ተቀምጦ መሥራትን የሚያስበልጠው ሐሳብ አልቀረም። እኔም የዚያ ሐሳብ ልጅ ነኝ።

እንጨቱ የተገኘው ከአያቴ ከተሰበረ የዋንዛ አልጋ ነው። ዋንዛ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመላጊያ ይመቻል፣ ሲወለወል ያምራል፣ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ግን እንደ ድሮው አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መካከል አስገብቶት ነበር። አሮጌ እንጨት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ለዓመታት ቤት ውስጥ ስለኖረ ደርቋል፣ ፍሬም ከሆነ በኋላ የመጣመም ዕድሉ ትንሽ ነው። ምስማሩን አንድ በአንድ ከነቀልን በኋላ የጠቆረውን ፊት ስልገው ከሥር ማር የመሰለ ቀለም ወጣ። ጋሼ ሽታውን ስበው ፈገግ አሉ።

ፍሬም ከሩቅ ሲያዩት አራት እንጨት ነው። ችግሩ ጥጉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ በ45 ዲግሪ ይቆረጣል፣ ሁለት ጫፎች ተገናኝተው 90 ይሆናሉ። አራት ጥግ ማለት ስምንት ቁርጥ ነው። እያንዳንዱ ቁርጥ በአንዲት ዲግሪ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ሦስቱን ጥግ ገጥማችሁ አራተኛው ላይ ስትደርሱ ስምንት ዲግሪ ተከፍቶ ይጠብቃችኋል። በሥራ ቦታዬ የዓመት ዕቅድ አራተኛ ሩብ ዓመት ላይ የሚሆነውን ለምታውቁ ሰዎች ይህ አዲስ አይደለም። የጋሼ ዘዴ ቀላል ነው፤ ትይዩ የሚሆኑትን ሁለት እንጨቶች ጎን ለጎን አስሮ ርዝመታቸውን እኩል ማድረግ፣ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ መለካት። ሁለቱ ሰያፍ እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ብሏል።

ኮላውም የራሱ ጠባይ አለው። የተቆረጠው የእንጨት ጫፍ እንደ ስፖንጅ ስለሚጠጣ መጀመሪያ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ትንሽ መታገስ፣ ከዚያ እንደገና መቀባት ያስፈልጋል። ማሠሪያችን የብስክሌት ካላማዳሪያ ነበር፤ በስሱ ተቀዶ ፍሬሙን ዙሪያውን ሲጠመጥሙት አራቱንም ጥግ እኩል ይጨምቃል። የቀረች ስንጥቅ ካለች ከራሱ ከዋንዛው ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ተለውሶ ይሞላታል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ልስልሱ። ልስላሴውን የሚፈትሹት ጋሼ ናቸው፤ በአውራ ጣታቸው።

መጀመሪያ የገረመኝ ይህ ነው። ጣውላውን ወደ ብርሃን አንሥተው አያዩም፤ ይዳስሳሉ። እኔ ስቆርጥ እሳቸው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ያዳምጣሉ፣ «መጋዙ ድምፁን ቀየረ፣ እጅሽን አቅኚ» ይላሉ። የእርጅና ጥበብ ነው ብዬ ሳደንቅ፣ በሦስተኛው ቅዳሜ ሜትሩን ሰጡኝና «ስንት ይላል?» አሉኝ። ቁጥሩ በደማቁ የተጻፈ ነበር።

ግላኮማ ነው። ሐኪም ከነገራቸው ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፣ ጠብታ ይጠቀማሉ፣ ለማንም አልተናገሩም። ዕቃዎቻቸውን የሚገዛ ሰው እንኳ አግኝተው ነበር። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ታለቅሳለች» አሉኝ።

ይህን በሽታ የማታውቁት ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሳያምም ቀስ ብሎ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ነው። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ነው። በቤተሰብም ይሄዳል፤ የታማሚ ወንድምና እህት ቶሎ ቢመረመሩ ይመከራል። እናቴ ደግሞ እህታቸው ናት። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ከጀርባቸው መናገርም አልፈለግሁም። «ጋሼ፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እርስዎ ይንገሯት፤ ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ» አልኳቸው። ለታላቅ ሰው እንዲህ ተብሎ አይነገርም። የቀረውን ሰዓት አንድም ቃል ሳይናገሩኝ ብርጭቆ ወረቀቱን ሲያሹ ዋሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ቡና ተፈላ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ ነገሯት። አለቀሰችም ተቆጣችም፤ ይበልጥ የተቆጣችው ለብቻቸው ሐኪም ቤት በመመላለሳቸው ነው። በሳምንቱ ተመረመረች። የዓይኗ ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ነርቩ ግን ገና አልተጎዳም። አሁን ማታ ማታ ሁለቱም በስልክ «ጠብታሽን አደረግሽ?» «አንተስ?» ይባባላሉ።

ወደ ፎቶዎቹ ልመልሳችሁ፤ ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ቤታችሁ ካለ በጉልበት እንዳትልጡት። እርጥበት ሲገባ የፎቶው ፊት ይለሰልስና መስታወቱን ይይዛል፤ ሲላጥ የሰውየው ፊት መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ በስካነር አስነሡት፣ ዋናውን ከነመስታወቱ አስቀምጡት፣ ቅጂውን ስቀሉ። ጤነኞቹንም ፎቶዎች ቢሆን ከመስታወቱ እንዳይነኩ በመካከል ወፍራም የካርቶን ክፈፍ አስገቡ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሏቸው።

ዘጠኝ ፍሬም ጨርሰናል። ከነዚህ አንዱ ጋሼ በወጣትነታቸው እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው የተነሡት ነው፤ እናቴ አልጋዋ ራስጌ ሰቅላዋለች። ዕቃ ገዢው ሰውዬ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመልሷል፤ መላጊያው፣ መሮውና ስኳድራው አሁን የኔ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ናቸው። ከሥር ያሉት ጎረቤቴ ከሰዓት በኋላ መጋዝ እንዳልነካ ስለጠየቁኝ በጠዋት እሠራለሁ። ሁለት ፎቶ ቀርቷል፣ የአልጋው እንጨት ግን አልቋል። ጋሼ ሰፈራቸው ውስጥ አሮጌ የዋንዛ ቡፌ ለቆራሌው ሊሸጥ ያሰበ ሰው እንዳለ እያጠያየቁ ነው።