ነፋስም ናፍጣ ይጠጣል

አጎቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ያውም ከነተሳቢው። አዋሽን፣ ሚሌን፣ ጋላፊን አልፎ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጭኖ ይመለሳል። አንድ ክረምት ትምህርት ተዘግቶ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ አብሬው ወረድኩ። ተሳቢው ባዶ ነበር። ስፖንዳው ቆሟል፤ ሸራው አልተወጠረም፣ ተጠቅልሎ ጥግ ተጥሏል። ከሚሌ ወዲያ ሜዳው ላይ ነፋስ ፊት ለፊት መጣብን።

«ይኸ ነፋስ ናፍጣዬን ሊጠጣብኝ ነው» አለ መሪውን ጨብጦ። እኔ ሳቅሁ።

ስንመለስ ናፍጣው ሲለካ ጎደለ። ባለንብረቱ ጮኸ፦ «ባዶ መኪና፣ ያውም ቁልቁለት እየወረደ፣ እንዴት ይኸን ያህል ይበላል? ሸጠኸዋል!» አጎቴ ነፋሱን አነሳ። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፦ «አንተ ተማሪው፣ እውነቱን ነው?»

መሬት መሬት አየሁ። ሲሸጥ አላየሁም፤ ግን ጠርጥሬው ነበር። ገንዘቡ ከደመወዙ ተቆረጠ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህራችን የአየርን ግፊት ቀመር ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ጉልበቱ የሚያድገው በአየሩና በመኪናው አንጻራዊ ፍጥነት ካሬ ነው። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ የ20 ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣበት፣ ለአየሩ 80 እንደሚሄድ ያህል ነው፤ ግፊቱ ወደ 1.8 እጥፍ ይሆናል። ቅርጽም አለ፦ የፊት ስፋታቸው እኩል ሆኖ ሳለ፣ ኩብ ከእንባ ጠብታ ቅርጽ ከሃያ እጥፍ በላይ አየር ይታገለዋል። ከፊት መግፋቱ ብቻ አይደለም፤ ጀርባው ድንገት ከተቆረጠ አየሩ ከኋላ እየተሽከረከረ ወደ ኋላ ይስበዋል። በመኪናውና በተሳቢው መካከል ያለው ክፍተትም፣ ሸራ ያልለበሰ ባዶ ሳጥንም ነፋስ ይውጣሉ። አሜሪካዊው ሆሊ ቦውለስ በ1934 እ.ኤ.አ. ጀርባው የሾለ የመዝናኛ ተሳቢ ቤት ሲሠራ፣ የሞተር አልባ አውሮፕላን ሠሪ ስለነበር ነገሩ ገብቶታል። እርግጥ ዳገት ላይ ዋናው ባላጋራ ክብደት ነው። ሜዳው ላይ ግን ነፋስ ነው።

ቀመሩ አጎቴ አልሸጠም ብሎ አይመሰክርም። ያለው ነገር ሊሆን እንደሚችል ግን ይመሰክራል። ያን ቀን የተጠየቅሁትም ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

ለፋሲካ ቤቱ ሄጄ ደብተሬን ዘርግቼ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር» አልኩት።

«ቀመሩን ተወው» አለኝ፤ «ነፋሱን እኮ አብረን አይተነዋል።»