ስለ ቆሽት ደዌና ስለ ትዕግሥት

አማርኛ የሚናገር ሰው እጅግ ሲቈጣ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ይህ ለቍጣ የተሰጠ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ቆሽት በእውነት የሚያርርበት ደዌ አለ። ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ የሚገኝ፥ ምግብን የሚያሟሟ ፈሳሽ የሚያመነጭ የሰውነት ክፍል ነው። የሐሞት ጠጠር መንገዱን ሲዘጋው ወይም መጠጥ ሲያውከው፥ ለእህል የተሰናዳው ፈሳሽ ተመልሶ ራሱን ቆሽቱን ይበላዋል። ብዙዎቹ በጥቂት ቀን ይድናሉ፤ በጥቂቶቹ ግን የቆሽቱ ሥጋ ይሞታል፥ የሞተውም ሥጋ መግል ይቋጥራል። ያን ጊዜ ነገሩ የሞትና የሕይወት ይሆናል።

በቀድሞ ዘመን ሐኪሞች ሆድን በሰፊው ቀድደው የሞተውን ሁሉ ጠርገው ያወጡ ነበር። ክፉን ነገር ፈጥኖ ከሥሩ መንቀል ለሰው ልብ ደስ ያሰኛልና። ዳሩ ግን የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። በሆላንድ አገር 88 በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው ታከሙ፤ ውጤቱም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓመት ታተመ። ሆዳቸው ወዲያው ከተቀደደው ከመቶ 69ኙን ከባድ ጉዳት ወይም ሞት አገኛቸው። አስቀድሞ መግላቸው በቀጭን ቱቦ ከተቀዳው፥ ካስፈለገም ብቻ በትንሽ ቀዳዳ ከተጠረጉት ግን 40ው ነበሩ፤ ከእነዚህም ሲሶ ለሚያህሉት ቱቦው ብቻ በቃ።

ከዚያ በኋላ ቱቦው በጎን ይግባ ወይስ ኢንዶስኮፕ በአፍ ገብቶ በጨጓራ ግድግዳ በኩል መንገድ ያውጣ የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ2018 ዓመት የታተመው የ98 በሽተኞች ፈተና በጉዳትና በሞት ሁለቱ መንገዶች እኩል ያህል መሆናቸውን ገለጠ፤ ከመቶ 43ና 45። ነገር ግን የቆሽት ፈሳሽ ወደ ውጭ መፍሰሱ በኢንዶስኮፕ በታከሙት ከመቶ 5፥ በሌሎቹ 32 ሆነ። በ2021 ዓመት የታተመው ደግሞ ቱቦውን እንኳ ፈጥኖ ማግባት ብልጫ እንደሌለው አሳየ፤ እንዲቈዩ ከተደረጉት ከመቶ 39ኙ ቱቦ ሳያስፈልጋቸው በመድኀኒት ብቻ ታከሙ።

እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ከእነዚህ ፈተናዎች በአንዱም የሟቾች ቍጥር እንደ ቀነሰ አልታየም። ትርፉ ከሞት ያመለጠው ሰው በኋላ የሚኖረው ኑሮ ነው፤ በፊተኛው ፈተና ሆዳቸው ከተቀደደው ከመቶ 38ቱን፥ ከሌሎቹ 16ቱን አዲስ የስኳር በሽታ ይዟቸዋልና። ስለዚህ በታማሚ ራስጌ የቆመ ዘመድ «ስለ ምን አይቀዱለትም?» እያለ ሐኪሙን አያስጨንቅ። ሌሊትና ቀን ታማሚውን እየጠበቁ ጊዜውን መለየት ሥራ መፍታት አይደለም፤ ከመቅደድ የማያንስ ሥራ ነው።